ያላዞርኩት ፎቶ

ይድረስ ለምወድህ ወንድሜ፣

እንደምን ሰነበትክ? ወገብህስ? ደረጃ ሲበዛ የሚያምህ ጉልበትህ እንዴት ነው? የወደቡ ንፋስ በርትቷል ብለኸኝ ነበር፤ ክሬኑ ላይ ስትወጣ ያንን ወፍራም ሹራብ ልበስ፣ ለማማር ብለህ አትተወው። እኛ ደግሞ... እዚህ ላይ «እኛ ደህና ነን» ተብሎ ነው የሚጻፈው። ሁለት ወረቀት ላይ ጽፌው ሁለቱንም ቀደድኳቸው። በዚህኛው ዝም ብዬ አልፈዋለሁ፤ ምክንያቱን ወደ ታች ስትወርድ ታገኘዋለህ።

ለምን አልደወልሽም እንደምትለኝ አውቃለሁ። ቤታችንን ታውቀዋለህ፤ ሁለት ክፍልና አንድ ቀጭን ግድግዳ ነው። የእማዬ ጆሮ እንደሆነ አሁንም አልደከመም፤ ኩሽና ገብቼ ባንሾካሹክ ከመኝታ ቤት ሆና ትመልስልኛለች። ስለዚህ ይህን የምጽፍልህ ፎቶ ቤት ቁጭ ብዬ ነው፣ በምሳ ሰዓት፣ ከማተሚያ ማሽኑ አጠገብ። ጋሼ፣ ባለቤቱን ማለቴ ነው፣ ለምሳ ወጥተዋል። ወረቀቱም የሳቸው ነው፤ ነግሬ እተካላቸዋለሁ።

ሥራዬ ምን እንደሆነ ጠይቀኸኝ አታውቅም እንጂ ቀኑን ሙሉ የማደርገው የተጋደመ ሰው ማቆም ነው። ደንበኞች ስልካቸውን ይዘው ይመጡና ፎቶ እናትማለን። ስልካቸው ላይ ቀጥ ብሎ የታየው ሰው እኛ ማሽን ላይ ሲደርስ በጎኑ ይተኛል። «እናንተ ናችሁ ያጣመማችሁት» ይሉናል። ባለፈው አንድ ሰውዬ የሠርጉን ፎቶ ሲያይ ሙሽሪት ከነቬሏ ተዘርራለች፤ ያን ቀን እንኳ እንዲህ አልደከማትም ብሎ ተቆጣኝ። ነገሩ ግን የማንም ጥፋት አይደለም። ስልክ ፎቶውን ራሱን አያዞረውም፤ «ይሄ ጎን ወደ ላይ ነው» የሚል ማስታወሻ ብቻ ከውስጡ ይጽፍበታል። የኛ ማሽን አሮጌ ስለሆነ ማስታወሻውን አያነብም፤ ያየውን እንዳየው ያወጣዋል። ያኔ እኔ ምስሉን ከፍቼ አዞረዋለሁ። አንድ ጊዜ መንካት ነው፣ ሌላ ጥበብ የለውም።

ይህን ሁሉ የማወራህ ወደ ነገሩ ላለመግባት ነው። እንግዲህ ልግባ። እማዬ ከወደቀች ስምንት ወር ሆኗታል።

መታጠቢያ ቤቱ ደፍ ላይ ነው የወደቀችው፣ የታጠበ ልብስ በባልዲ ይዛ። ዳሌዋ ተሰበረ። ሐኪሙ አጥንቷ ሳስቷል፣ በዚህ ዕድሜ ባንከፍተው ይሻላል አለ። ከዚያ ወዲህ በቀኝ ጎኗ ትተኛለች። በጀርባዋ ያማታል፣ በግራዋ ጭራሽ አትችልም። በየእሑዱ የምልክልህ ፎቶ፣ የአባባ ወንበር ክንፍ ላይ ጉንጯን አስደግፋ ፈገግ የምትልበት፣ አንዱም ተቀምጣ የተነሳችው አይደለም።

ያን ቀን ከሆስፒታል እንደተመለስን መጀመሪያ ያለችኝ «እንዳትነግሪው» ነው። እዚያ ሰማይ ጥግ ወጥቶ የሰው ራስ ላይ ብረት ያንጠለጥላል፣ ልቡ እኔ ጋ ከሆነ እጁ ይስታል አለች። ማይልኝ አለችኝ፣ ማልኩላት። እሑድ ሲደርስ አንተ እንደ ልማድህ የእማዬን ፎቶ ላኪልኝ አልክ። አልጋው አጠገብ በርጩማ ላይ ተቀምጬ አነሳኋት። እንደተኛችው ተጋድማ ወጣች። የእጄ አመል ሆነና ማስተካከያውን ከፍቼ ያቺን የታጠፈች ቀስት አንዴ ነካኋት። እማዬ ተቀመጠች።

አሳየኋት። ብዙ አየችውና «አየሽ፣ ሐኪሙ ያቃተውን» ብላ ሳቀች። ከወደቀች ወዲህ ስትስቅ ያን ቀን መጀመሪያዋ ነበር፤ ስለዚህ ያደረግኩት ነገር ውሸት ነው ብዬ ለማሰብ ጊዜ አላገኘሁም።

ከዚያ ሙያ ሆነልኝ። ትራሱ ትራስ እንዳይመስል የአባባን ወንበር ቡናማ ልብስ ገፍፌ ትራሱንና ፍራሹን አለበስኳቸው። አሁን ሳሎን ብትገባ ወንበሩ ስፖንጁ ወጥቶ ራቁቱን ቆሞ ታገኘዋለህ። ፀጉሯ ወደ አንድ ጎን ስለሚፈስ በሻሽ አሰርኩት። አስቸጋሪው ጉትቻዋ ነበር። ልጅ ሆነህ ትንጠለጠልበት የነበረው ያ ረጅሙ ጉትቻ ጉንጯ ላይ ይጋደማል፤ ፎቶው ሲዞር ደግሞ ንፋስ የወሰደው ይመስላል። አወለቅኩት። አንተም ያን ሳምንት «ጉትቻዋን ምን አደረገችው?» ብለህ ጻፍክ። ማንጠልጠያው ተሰብሮ ነው አልኩህ። አልተሰበረም፣ መሳቢያ ውስጥ አለ።

እስከዚህ ድረስ ያለው በእማዬ ትእዛዝ ነው። ቀጥሎ ያለው የኔ ብቻ ነው፤ እሷም አታውቀውም።

ከአራት ወር በፊት ደውለህ አሥር ቀን እረፍት ሰጥተውኛል፣ ልምጣ ወይ ብለኸኝ ነበር። እኔ ደግሞ ምን አስቸኮለህ፣ እማዬ እንደምታያት ናት፣ እረፍትህን አቆየው አልኩህ። አስታወስክ? እማዬ ያኔ ተኝታ ነበር፤ አልሰማችም። ብነግራት ትከለክልህ ይሆን ወይስ ይምጣ ትል ይሆን፣ አልጠየቅኳትም። ፈርቼ ነው።

ለምን እንደሆነ ልንገርህ፣ ጀመርኩት እኮ። አንተ በመጣህ ቁጥር እማዬ ትድናለች። መልካሙን ብርጭቆ ታወጣለች፣ ትቀልዳለች፣ ያመማትን ሁሉ ትረሳዋለች። አንተም ሦስት ቀን ተቀምጠህ «አምሮባታል እኮ፣ ምን ሆና ነው እንደዚህ የምትጨነቂው» ብለህ ትሄዳለህ። ሳቋን አንተ ይዘህ ትሄዳለህ፣ እኔ ጋ ህመሙ ይቀራል። አባባ የሞተ ጊዜም እንዲሁ ነበር፤ ዓመት ሙሉ ያጠብኩት እኔ፣ ሰው ሁሉ «ልጁ ደረሰለት» ያለው አንተን። ቀናሁብህ ወንድሜ። ይህችኛዋን ቢያንስ ከነሳቋ ለራሴ ላስቀራት ብዬ ነው። ደግሞም እሑድ እሑድ ያንን ፎቶ ስናዘጋጅ ሁለታችን ሌቦች እንመስል ነበር፤ ሻሹን ሳስር ትቆነጥጠኛለች፣ እንስቃለን። ያንን ላካፍልህ አልፈለግኩም። ይኸው ነው፣ ሌላ ምክንያት የለኝም።

ሃያ አንደኛው ፎቶ ላይ ተሳሳትኩ። ደክሞኝ ነበር። ራስጌዋ ያስቀመጥኩት የሻይ ብርጭቆ የፎቶው ጥግ ላይ ገብቷል። ሳላይ አዙሬ ላክሁልህ። በኋላ ስከፍተው ብርጭቆው በጎኑ ተኝቷል፣ ሻዩ ግን ጠብ አላለም። ደነገጥኩ። አንተ ቀኑን ሙሉ የምታየው የተንጠለጠለ ነገር ቀጥ ማለት አለማለቱን ነው፤ አንድ ጣት ያዘመመ ከሩቅ ይታይሃል። ፎቶ ስልክልህ ወዲያው ነበር የምትመልሰው፤ ያን ጊዜ አራት ቀን ዝም አልክ። ከዚያ ስለ ንፋሱና ስለ ሥራ ብዛት ጻፍክ።

በሁለተኛው ሳምንት ጥቅልህ ደረሰን። ውስጡ ጉትቻ ነበር። ትንንሽ፣ ክብ፣ ጆሮ ላይ ልጥፍ ብሎ የሚቀር፣ ቢገለብጡት የማይንጠለጠል። እማዬ ከረጅም ጉትቻ ሌላ አድርጋ እንደማታውቅ ካንተ በላይ የሚያውቅ የለም። ወረቀት አልነበረበትም። አደረግኩላት፣ መስታወት አሳየኋት፣ ረጅም ጊዜ በጣቷ ስትነካካው ቆየች። «ጎበዝ ነው» አለች በመጨረሻ። ከዚያ ወዲህ ስለ እረፍት አንስተህ አታውቅም፤ እኔም ስለዚህ ጉትቻ ምንም አልጠይቅህም። መፍራት ምን እንደሆነ አውቃለሁ። እኔ ራሴ ስንት እሑድ ሙሉ አዙሬዋለሁ።

አሁን የምነግርህ ከሁሉ የባሰውን ነው። ያለፉት ሁለት እሑዶች የላክሁልህ ፎቶ የነዚያ ሳምንታት አይደለም። አሮጌ ነው፤ ሻሹን አይተህ አሮጌ መሆኑን እንዳታውቅ ብዬ ጠርዙን ቆርጬዋለሁ። አዲስ ማንሳት አቅቶኝ አይደለም። ፊቷ ቢዞርም የማይቀመጥ ሆኖብኝ ነው። ከላይኛው ፎቅ ያለችው ነርስ በየቀኑ እየወረደች ታያታለች፣ ውለታዋን አልረሳውም። ማክሰኞ ዕለት ትንፋሿን ስታዳምጥ ቆየችና ስትወጣ በር ላይ ወንድም የለሽም ወይ አለችኝ። አለኝ አልኳት። «የናትሽ ጥሪዋ...» ልትል ጀመረችና አፏን ያዝ አድርጋ «ወንድምሽን ጥሪው» ብላ አስተካከለችው። ለምን እንደሆነ አልጠየቅኳትም፤ ደረጃውን ወጣች።

ትናንት ስልኬን ሳነሳ እማዬ እጄን ያዘች። «ዛሬ አታዙሪኝ» አለችኝ። እንዳለሁ ይየኝ አለች። መሐላውስ ስላት፣ ያስማልኩሽ እኔ፣ የፈታሁሽም እኔ፣ አንቺ ምን አገባሽ አለችኝ። ይህን ያህል ጉልበት አላት ገና፣ አይዞህ።

ከዚህ ደብዳቤ ጋር ያለው ፎቶ እሱ ነው። ራሴ አተምኩት። በስልክ ያልላክሁልህ ሆን ብዬ ነው፤ በስልክ ቢሆን ወይ አንተ ታዞረዋለህ ወይ እኔ ሳልክ እጄ ያመጣብኛል። ወረቀቱን እንደያዝከው እየው፤ ልክ ነው፣ አልተሳሳተም። ቡናማው ጨርቅ የለበትም፣ ትራሱ ነጭ ነው። ብርጭቆው ቆሟል። ጉትቻህን አድርጋዋለች።

አንድ ነገር ረሳሁ። ያንተንም ፎቶዎች ታያለች፤ ክሬኑ ሥር ቢጫ ቆብህን አድርገህ የተነሳኸውን በተለይ። ግን በጎኗ ተኝታ ስልኩን ወደ ፊቷ ስታቀና ስልኩ ይዞርባትና አንተ ትጋደማለህ። እንደገና ታቀናዋለች፣ እንደገና ትወድቃለህ። ስልክ የሰው አንገት ወዴት እንዳዘነበለ አያውቅም፣ የሚያውቀው መሬት የቱ ጋ እንዳለ ብቻ ነው። አንድ ቀን ስትበሳጭ ሰማኋትና ገባሁ። «ይሄ ልጅ ለምንድን ነው የማይቆምልኝ?» አለችኝ። እንዳይዞር አድርጌ ቆለፍኩላት። አሁን ቀጥ ብለህ ታያታለህ፤ ማለቴ፣ ቀጥ እንዳልክ ታይሃለች። ግን ፎቶ ነው።

ጋሼ ከምሳ መምጣታቸው ነው፣ ልቋጭ። ደብዳቤው እንደደረሰህ ከዚያ ማማ ውረድ። እጅህ እንዳይስት ስለ ፈራች ነው የደበቀችህ፤ እንግዲህ ከክሬን ላይ ሆነህ አታንብበው፣ መሬት ላይ ቁጭ ብለህ አንብበው። ላለቃህ የምትለውን ተናገርና ና። እኔን ልትቆጣኝ ከሆነም ና፤ ቁጣህን ኩሽና ውስጥ ቀስ ብለህ ትነግረኛለህ፣ እሷም ከመኝታ ቤት ትመልስልሃለች።

ስትመጣ አልጋው አጠገብ አትቁም። ቆመህ ስታያት እሷ የተጋደመች ናት፣ እሷም ስታይህ አንተ የተጋደምክ ነህ። ጫማህን አውልቅና ፊት ለፊቷ በግራ ጎንህ ጋደም በል፤ ያኔ ሁለታችሁም ትተያያላችሁ። አልጋው ጠባብ ቢመስልህም ለሁለት ይበቃል። እስከ አሁን የኔ ቦታ ነበር፤ ለቅቄልሃለሁ።

መንገድህን ፈጣሪ ያቅናልህ። በሰላም ያግባህ፣ በሩን ስታንኳኳ «ማነው?» የምትልህ እሷ ትሁን።

ስምንት ወር የዋሸችህ፣
ታናሽ እህትህ