ልሄድበት ስለማልችለው የአዲስ አበባ ቲኬት

ለክቡር አቶ ባልቻ፣
የሐዳይቅ አል-መዓዲ ወገን ለወገን መረዳጃ ማኅበር ሊቀመንበር

ክቡር ሆይ፣ ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንዴት ነው? ከአዲስ አበባ በሰላም መመለስዎን፣ ፊትዎም ወዛ ማለቱን ሰምቼ ደስታዬ ወሰን አጣ። እኔ ታከለ፣ በዚሁ በዓረብ አገር አይን ሻምስ ሰፈር የምኖረው ስደተኛ፣ ደህና ነኝ።

እንደሚያስታውሱት በመስከረም፣ በሰዓት እላፊው ምክንያት በቀን ባከበርነው የዘመን መለወጫ በዓል፣ የማኅበሩ ዕጣ ለእኔ ወጣ፤ ሽልማቱም ስም ያልተጻፈበት የአዲስ አበባ ደርሶ መልስ ቲኬት ነበር። በፖለቲካ ምክንያት ሸሽቼ መውጣቴንና ብመለስ ከአውሮፕላን ማረፊያው ወዴት እንደምወሰድ ሁሉም ስለሚያውቅ አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። እኔም ሳቅሁ። ቤት ገብቼ ግን ቲኬቱን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጬ ብዙ አየሁት፤ ልሂድ እንዴ ብዬ ማሰቤንም አልደብቅዎትም። ባለቤቴ መሠረት "ኸላስ፣ በቃ፣ ለሚሄድበት ሰው እንስጠው" ብላ ከሐሳቤ አወጣችኝ።

ጎረቤታችን ከበቡሽ ሸይኽ ዛይድ ሰፈር በሰው ቤት ትሠራ ነበር፤ አሠሪዎቿ የዚህን አገር አብዮት ሸሽተው ወደ ውጭ ሲሄዱ ያለ ሥራ ቀረች። በሕፃንነቷ ለአክስቷ ትታት የመጣችው ልጇ በጥር ልትዳር ነበር። ቲኬቱ ያንቺ ነው ስላት የቀለድኩባት መስሏት ተቆጣች፤ ከዚያ አለቀሰች።

እንግዲህ ምስጋናዬን በተራ ላቅርብ።

፩. የከበቡሽ ስም እንዲጻፍበት ቢሮዎ ስንመጣ፣ እሷ አጠገቤ ቆማ ሳለ ፊትዎን ወደ እኔ ብቻ አዙረው በማነጋገርዎ አመሰግናለሁ።

፪. "ዕጣው የወጣለት ራሱ ካልበረረ ቲኬቱ ለማኅበሩ ይመለሳል፤ ደንብ ነው" ብለው ስላስተማሩኝ አመሰግናለሁ። ደንቡን ለማየት ብጠይቅም "ማሌሽ፣ ይቅርታ፣ አቶ ታከለ፣ ገና እየተጻፈ ነው" ብለው በትሕትና መልሰውልኛል።

፫. "ይቅርታ ጠይቀህ ለምን አገር ቤት አትገባም? አሁን ማንም አይነካህም" በማለት ለእኔ ደኅንነት ዋስ ስለሆኑልኝም ባለውለታዎ ነኝ። ዋስትናውን በጽሑፍ ስጠይቅ ድንገት ስልክ መጣብዎት እንጂ እንደሚጽፉልኝ አልጠራጠርም።

፬. ከሁሉ በላይ የተመለሰው ቲኬት እንዳይባክን ብለው፣ በማኅበሩ ጉዳይ ስም፣ በዚያው በጥር ራስዎ ስለበረሩበት ምስጋናዬ ወደር የለውም። ጉዳዩ ምን እንደሆነ ለአባላት አልተነገረም፤ በከበቡሽ ልጅ ሠርግ ዕለት ፌስቡክ ላይ ካወጡት ፎቶ እንደተረዳነው ግን ሐይቅ ዳር የሚበላ ዓሣ ነበረበት።

ከበቡሽ የልጇን ሠርግ እኛ ቤት ሆና በስልክ ሰማች። ነጠላዋን አጣፍታ፣ ስልኩን በሁለት እጇ ይዛ ቆማ ነበር። መሠረት ወንበር ብታቀርብላት "እናት በልጇ ሠርግ ትቀመጣለች እንዴ?" አለቻት። ከወዲያ "እማዬ፣ ትሰሚኛለሽ?" የሚል ድምፅ መጣና መስመሩ ተቋረጠ። ደጋግመን ሞከርን፤ አልገባልንም። ከበቡሽ ከዚያም በኋላ ብዙ ቆመች። ይህንን የምጽፍልዎ በዚያች ሰዓት ዓሣው እንዴት እንደነበር ለመጠየቅ ያህል ነው።

ረጅም ዕድሜና መልካም የምግብ ፍላጎት አብዝቶ እንዲሰጥዎ ከልብ የምመኝ፣
ባለ ዕጣው አባልዎ
ታከለ
አይን ሻምስ፣ የካቲት ፳፻፮ ዓ.ም.

ማስታወሻ፦ በዚህ ከተማ ተቀምጠን ሁለት ፕሬዚዳንቶች ከሥልጣን ሲወርዱ በቴሌቪዥን አይተናልና፣ ነገሩ ከተጀመረ ምን ያህል እንደሚፈጥን ለእርስዎ አልነግርም። አዲስ ሊቀመንበር ለመምረጥ ጠቅላላ ጉባኤ ይጠራ የሚለውን ማመልከቻ መጀመሪያ የፈረመችው ከበቡሽ ናት። ትናንት ደግሞ ምክትልዎ ፈረሙ፤ እስክሪብቶ እንኳን አልተዋሱንም፣ የራሳቸውን ይዘው መጥተው ነበር።