በእንጀራ ላይ የተነገረ መርዶ

ጥቅምት 18፣ ሰኞ፣ ጠዋት 1፡30

ጠመኔ በግራ ኪስ። የቤት ቁልፍ በቀኝ። ምድጃው ጠፍቷል፤ ሁለት ጊዜ አይቻለሁ። መጀመሪያ 9ኛ ሐ፣ ከዚያ 9ኛ ሀ። ባለፈው ዓርብ ገልብጬ ገባሁና ተማሪዎቹ ሳቁ። እኔም አብሬ ሳቅሁ፣ ምን ላድርግ!

ኮሮናው ከለቀቀኝ ስምንት ወር። ሳሉ ሄደ፣ ጉልበቴ ተመለሰ፣ ጭንቅላቴ ግን ወንፊት ሆኖ ቀረ። ሰሌዳ ፊት ቆሜ ሰባት ጊዜ ስምንት ስንት እንደሆነ የጠፋኝን ቀን የነገርኩት ላንተ ብቻ ነው፣ ማስታወሻዬ። ዶ/ሩ ቀስ እያለ ይመለሳል፣ እስከዚያው ሁሉን ጻፊ አሉ። እጽፋለሁ። ለሰው ግን ትንፍሽ አልልም። የሒሳብ መምህርቷ አእምሮዋን ሳተች ከሚሉኝ፣ ዝንጉ ናት ቢሉኝ ይሻላል።

ለምሳ ስመጣ ለእታለም የዓይን ጠብታ። ታላቅ እህቴ ናት። ከማንኩሳ ገጠር መጥታ እዚህ ፍኖተ ሰላም የግራ ዓይኗ ሞራ ተገፈፈላት። ሁለት ሳምንት እኔ ቤት ናት። እንዳታሽ፣ እንዳትጎነበስ፣ እንዳታለቅስ ተብላለች። ቀኙ ከጠፋ ቆይቷል። የቀራት ይሄው አንዱ ነው።

ጥቅምት 20፣ ረቡዕ

ጋሼ ሙላት ከቡሬ ደወሉ። ታላቅ ወንድማችን። በላይ ሞቷል። የእታለም የመጨረሻ ልጅ፣ ማሳረጊያዋ። መተማ ቆላ ለሰሊጥ አጨዳ ወርዶ ንዳድ ያዘው። ሦስት ቀን ብቻ። እዚያው ቀበሩት።

ዓይኗ እስኪያገግም እንዳትሰማ ተባለ። ከዚያ ዘመድ ተሰብስቦ፣ የንስሐ አባቷ ባሉበት፣ ጎሕ ሲቀድ በገዛ ቤቷ መርዶው ይነገራታል። እስከዚያ አደራው ያንቺ ነው አሉኝ። መናገር ያኔ ነበር። ጋሼ፣ ጭንቅላቴ አደራ አይችልም፣ ወደ ሌላ ሰው ቤት ውሰዷት ማለት። እኔ ግን "ግዴለም ጋሼ፣ አያስቡ" አልኩ።

እዚህ እጽፋለሁ፦ እታለም አታውቅም። እታለም አታውቅም። ጠዋት ጠዋት ይህን ገጽ ሳታነቢ ከመኝታ ቤት አትውጪ።

ጥቅምት 22፣ ዓርብ

አነበብኩ። ፊቴን ታጥቤ ወጣሁ። ዓይኗን በፋሻ ታስራ ስለ በላይ ታወራለች። ለጥምቀት ይመጣል። ልጅ አጭታለታለች፣ ከጨዋ ቤት። ጋቢውን ፈትላ ለሸማኔ ሰጥታለች። ጓዳ ገብቼ ሽንኩርት ከተፍኩ። ሽንኩርት ደግ ነው፣ ሰበብ ይሆናል።

ስልኩ ለምን አይነሣም አለች። ቆላ ኔትወርክ የለም አልኩ። ስዋሽ ምላሴ አልተሳሰረም። ለእውነቱ ብቻ ነው የሚሳሰረው።

ጥቅምት 25፣ ሰኞ፣ ከቀኑ 11 ሰዓት

ምን አደረግሁ። ምን አደረግሁ።

ጠዋት ረፈደብኝ። ገጹን ሳላነብ ሮጥኩ። አራት ክ/ጊዜ በተከታታይ። እንዲህ ስደክም ጭንቅላቴ ይደነዝዛል፣ አውቀዋለሁ። ለምሳ መጣሁ፣ ሽሮ አቀረብኩ። እታለም እየጎረሰች፣ ይህን ሽሮ በላይ ቢያገኘው ድስቱን ይጠርገው ነበር አለች። እኔም እንጀራ እየቆረስኩ፦ "ነፍሱን ይማረውና፣ ሽሮ ሲወድ!"

የሞተ ሰው ስም ሲነሣ የምንለው ነው። ከልጅነቴ ጀምሮ ለማንም ስለው የኖርኩት። መሞቱን አልረሳሁም። የረሳሁት እሷ አለማወቋን ነው።

እጇ ጉርሻውን እንደያዘ ቆመ። ማንን ነው የሚምረው አለች፣ በቀስታ። አንዲት ትንሽ ውሸት በቂ ነበረች። አጣሁ። ዝም ስል ገባት። ፋሻውን መንጭቃ ጥላ ፊቷን ነጨች። እጆቿን መያዝ አቃተኝ፤ ስታርስ የኖረች ሴት ናት። ጎረቤት በጩኸቱ ገባ። በባጃጅ ሆስፒታል።

ቁስሉ ተከፍቷል አሉን።

ጥቅምት 27፣ ረቡዕ

ዘመድ መጣ። ወደ ማንኩሳ ወሰዷት። ጋሼ ሙላት እኔን አላዩኝም። በሩ ላይ ብቻ፣ ወደ ግድግዳው ዞረው፣ "ከአፍ ከወጣ አፋፍ" አሉ። ሁሉም አፏን መያዝ ያቃታት ሴት አድርገውኛል። እንዲያ ይምሰላቸው ብዬ ዝም አልኩ። አየህ? ዛሬም ዝም። ከበላይ ሞት በኋላም፣ ከዓይኗ በኋላም፣ የምሳሳለት ስሜ ነው።

እታለም መኪናው ውስጥ ሆና አንድ ነገር ተናገረች። "ውቢት፣ ልጄን በእንጀራ ላይ ነገርሽኝ።" ወዳጅ ዘመድ ሳይሰበሰብ፣ የንስሐ አባቷ ሳይኖሩ፣ አፏ ውስጥ ሽሮ እያለ።

ከዚያ ወዲህ እንጀራ አይዋጥልኝም።

ኅዳር 6፣ ዓርብ

የእታለም ልጅ ዓለሚቱ ደወለች። እናቷ ብርሃን ታያለች፣ ሰው ግን አትለይም። ለቀስተኛውን በድምፁ ነው የምታውቀው። ሐኪሞቹ ከዚህ በላይ የሚመለስ አይመስልም ብለዋታል። ስለ እኔ ጠይቃ ታውቃለች ወይ አልኩ። ዓለሚቱ ሌላ ወሬ አመጣች።

ኅዳር 25፣ ረቡዕ፣ ጠዋት 12፡40፣ መናኸሪያ

ነገ አርባው ነው። ጋሼ ሙላት ባትመጪ ይሻላል ብለው ላኩብኝ። እሄዳለሁ። ትናንት ር/መምህሩ ቢሮ ገብቼ ስለ ጭንቅላቴ ነገርኳቸው። አላባረሩኝም፣ አልሳቁም፤ ከጀመረሽ ስንት ወር ሆነ ብቻ አሉኝ። ይህን ቃል ለማውጣት የሰው ዓይን መጥፋት ነበረበት?

አንተም፣ ማስታወሻዬ፣ አብረኸኝ ትሄዳለህ። ጋሼ ሙላት ባሉበት፣ ዓለሚቱ ጮክ ብላ ታንብብህ። ሰሌዳ ፊት የቆምኩበትንም። "አታውቅም" እያልኩ የጻፍኩበትንም። "አያስቡ" ያልኩበትንም።

የማንኩሳው መኪና እየሞላ ነው። እታለም ፊቴን አታይም፤ ድምፄን ትለያለች። ደጃፏ ስደርስ የምለው እንዳይጠፋኝ አሁኑኑ ልጻፈው፦

እታለም፣ ውቢት ነኝ። አደራሽን የተቀበልኩት እንደማልችለው እያወቅሁ ነው።