ዊስቲን ታል አርሎጅ፣ የሁለቱ ሰዓቶች ጠባቂና የአሥራ ሁለቷ ነጥብ ባለቤት

ወንድማችን ዊስቲን ሚካሌፍ ከአባታቸው ከሚኪየልና ከእናታቸው ከጃና በማልታ ደሴት፣ በሐል ሰጅራ፣ በኤፕሪል 1942 ተወለዱ። ጦርነት ስለነበር የተወለዱት ከመሬት በታች በተቆፈረው መጠለያ ውስጥ ነው። እናታችን «ቦምቡ ሲወርድ ዝም አለ፣ ቦምቡ ሲቆም አለቀሰ» ትል ነበር። ታናሼን አንቱ ማለት አፌ ላይ ይከብደኛል። አንቱ የምለው ቄሳችን ዱን ሳልቭ «ወረቀት ላይ ሟች አንቱ ነው፣ ፊሎሜና» ስላሉኝ ነው።

በሰፈራችን ትምህርት ቤት እስከ ስድስተኛ ክፍል ተምረዋል። ከሂሳብ ጋር እንደ ድመትና ውሃ ነበሩ፤ ዜማ ግን አንዴ ከሰሙ አይለቃቸውም። በአሥራ አራት ዓመታቸው የአባታችንን ሥራ ወርሰው የቤተ ክርስቲያናችን ሰዓት ጠባቂ ሆኑ። «ታል አርሎጅ»፣ ባለ ሰዓቱ፣ የተባሉትም ለዚህ ነው። ግንባችን ላይ ሁለት ሰዓት አለ። የቀኙ እውነቱን ይናገራል፣ የግራው ሰይጣን የቅዳሴውን ሰዓት እንዳያውቅ ይዋሻል። ዊስቲን «እውነቱን መሙላት ቀላል ነው፤ ጥበቃ የሚፈልገው ውሸቱ ነው» ይሉ ነበር።

በ1968 ከወይዘሮ ቼታ ጋር ተጋቡ። በሰፈራችን ከሚፎካከሩት ሁለት የሙዚቃ ባንዶች እኛ የቀዮቹ ቤተሰብ ነን፣ ቼታ የሰማያዊዎቹ ናት። አባቷ ሠርጉ ላይ አልመጡም፤ ከመንገድ ማዶ ቆመው ግን ኬኩን አይተዋል፣ እኔ አይቻቸዋለሁ። በየዓመቱ ባንዶቹ በሚፋለሙበት በቤተ ክርስቲያናችን በዓል ሳምንት ቼታ ሻንጣዋን ይዛ አባቷ ቤት ትገባለች፣ ሰኞ ትመለሳለች። በዚህ ሁኔታ ኖኤልንና ማርሰላን ወለዱ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። ዊስቲን በሕይወታቸው አንድ ነገር ነው የተመኙት። በየዓመቱ በሜይ አገሮች በቴሌቪዥን በሚወዳደሩበት የዘፈን ውድድር ላይ እሳቸው የደረሱት ዘፈን ለማልታ ተዘፍኖ፣ አንድ አገር፣ አንድ ብቻ፣ ትልቁን አሥራ ሁለት ነጥብ ሲሰጠው መስማት። ሃያ ስድስት ዓመት ዘፈን ላኩ። ሃያ ስድስት ጊዜ መለሱባቸው። ቼታ «ከእኔ ይልቅ ፖስተኛው ያውቅሃል» ትላቸው ነበር።

ሰባ ዓመት በሞላቸው በዓመቱ «ሁለቱ ሰዓቶች» የሚለው ዘፈናቸው ተመረጠ። ዜናው ሲነገር ግንቡ ላይ ነበሩ። ከታች ሆኜ «ዊስቲን፣ ተመርጠሃል» ብዬ ስጮህ ደወሉን ያለ ሰዓቱ ደወሉት። ሰው የሮማው ጳጳስ የሞቱ መስሎት በፒጃማ ወጣ። ዘፋኟ ይሌንያ፣ የቼታ ወንድም ልጅ፣ ሰማያዊ ናት። «ግጥሙ ቀይ፣ ጉሮሮው ሰማያዊ» እያለ ሰፈሩ ለሁለት ወር ሲናቆር ከረመ።

ድምፅ የሚሰጠው በስልክ ነው፣ አገር ግን ለራሱ መስጠት አይችልም። ጎረቤቴ ካርምኒ ናት ዘዴውን ያመጣችው። «ባሕሩን ተሻግረን ሲሲሊ ብንገባስ? እዚያ የደወለ እንደ ጣልያን ይቆጠራል» አለች። የአክስቴ ልጅ በሲሲሊዋ ወደብ በፖትሳሎ ምግብ ቤት አላት፤ ስልክ ሞልቷል። ስምንት ሴቶች፣ ሃያ ሃያ ጊዜ ልንደውል፣ ፓስቲሲያችንን፣ ያን አይብ ያለበትን ሳምቡሳችንን፣ ጋግረን ተዘጋጀን። ዊስቲን አጠገባችን ቁጭ ብለው ሰሙን። በዋዜማውም «ለድምፁ ላስተካክልላችሁ» ብለው ሞባይላችንን ሁሉ ሰብስበው ሲነካኩ አመሹ።

በነጋታው በቀኙ ሰዓት ተማምነን ወጣን። ወደብ ስንደርስ ጀልባዋ እሩቅ ሄዳ የአውራ ጣት ጥፍር አክላለች። ሌላ ጀልባ የለም። የቀኙ ሰዓት አንድ ሰዓት ወደ ኋላ ቀርቶ ኖሯል፣ ሞባይላችንም እንዲሁ።

ካርምኒ ከፓስቲሲው ትሪ ጋር ግንቡ ሥር ሄዳ ቆመች።

«አንተ ሰዓት ጠባቂ ተብዬ! ዕድሜህን ሙሉ ሰይጣንን ስትሸውድ ኖረህ፣ ዛሬ እኛን?»

«እርጅና ነው፣ ካርምኒ» አሉ አንገታቸውን ደፍተው።

«እርጅናስ የሚገድለው እግርን ነው። አሥራ ሁለትህን በገዛ እጅህ አሰጠምካት!»

ማታ ቀዮቹም ሰማያዊዎቹም በሰማያዊዎቹ አዳራሽ ተሰበሰብን፣ ትልቁ ቴሌቪዥን እነሱ ጋ ስለሆነ። አባቴ ቢያዩ ከመቃብር ይነሱ ነበር። ይሌንያ ስትዘፍን ከጎኔ ያለው ቀይ ሁሉ አለቀሰ። ከዚያ ነጥብ መነበብ ጀመረ። አንዱ አገር ምንም፣ ሌላው ምንም። አሥራ ስድስት አገር አለፈ። ዊስቲን ባርኔጣቸውን ጉልበታቸው ላይ ያሽከረክራሉ። ቼታ እጃቸውን ያዘች፣ በሰማያዊዎቹ ፊት። ጣልያን መጣች። ስምንቱን ለሌላ ሰጠች፣ አሥሩንም ለሌላ ሰጠች፤ እኛ ስምንታችን ተያየን፣ ድምፅ የሚሰጥልን ሰው እዚያ የለንም። የጣልያንን ነጥብ የምታነበው ልጅም ፈገግ ብላ፣ «አሥራ ሁለት፣ ለማልታ» አለች።

ከዚያ በኋላ የሆነውን በቅጡ አላውቅም። ወንበር ተገለበጠ፣ ካርምኒ የሰማያዊዎቹን ሊቀመንበር ሳመችው፣ እሱም አልጠረገውም። ስንተኛ ወጣን? አሥራ ዘጠነኛ። ማን ቆጠረው?

ዊስቲን ከዚያ ወዲህ ዘፈን አልላኩም። ሰዓታቸውን ሲጠብቁ ኖረው፣ ልባቸው ደክሞ ሆስፒታል ገቡ። አንድ ቀን እጄን ሳብ አደረጉና እንዲህ አሉኝ፦

«ፊሎ፣ ያን ጊዜ ሰዓቱን ያዞርኩት እኔ ነኝ። ሞባይሉንም። ስምንት አሮጊት ደውላ የምታመጣው አሥራ ሁለት ምን ይሠራልኛል? ከመጣ በራሱ እግር ይምጣ ብዬ ነው።»

«ባይመጣስ?»

«ባይመጣ አይመጣማ።»

«ታዲያ አትሂዱ አትለንም ነበር?»

«እናንተን አትሂዱ ብሎ የሚያስቀር ገና አልተወለደም። ለካርምኒ እንዳትነግሪ።»

አልነግርም አልኩ። ካርምኒ፣ ሁለተኛው ረድፍ ወንበር ላይ ነሽ፣ እንግዲህ ሰምተሻል።

ዊስቲን በኖቬምበር 9 ቀን 2024፣ በሰማንያ ሁለት ዓመታቸው አረፉ። ባለቤታቸውን ቼታን፣ ሁለት ልጆችንና ሦስት የልጅ ልጆችን ትተዋል። ዛሬ ሬሳውን ከፊት ቀይ ባንድ፣ ከኋላ ሰማያዊ ባንድ ያጅበዋል፤ ዜማው የእሳቸው ነው፣ ሁለቱም ያውቁታል።

ለቀብሩ ደግሞ ግንቡን አይታችሁ እንዳትመጡ። ሰዓቱን የወረሰው ልጃቸው ኖኤል ዛሬ ሁለቱንም አሳስቷቸዋል። ሰይጣን የትኛው ልክ እንደሆነ ቆሞ ሲያስብ ይዋል፤ ወንድሜ በራሱ እግር ይግባ። ጌታ በሩን ከፍቶ ይቀበልልን።