አንድ ስፒከር ብቻ እሰር

ይግዛው፣

አምፕሊፋየሩን ጠግኜዋለሁ፤ አልጋህ ሥር ነው። ጀርባው ላይ ስምንት ኦም ይላል። አንድ ባለስምንት ስፒከር ብቻ እሰርበት። ሁለቱን ጎን ለጎን ካሰርካቸው ኦሙ ወደ አራት ይወርድና ጭነቱ ይበዛበታል፤ አይችለውም፣ ይቃጠላል። ቮልዩሙንም ከግማሽ አታሳልፍ።
ይህን ያኔም ነግሬህ ነበር።

አንተ ግን ባለፈው የዘማቾች ሽኝት የቀበሌው ሊቀመንበር «የእናቶቹ ለቅሶ እንዳይሰማ ጊታሩን አስጩኸው» ሲልህ ሁለተኛውን ስፒከር ጨመርክ። ልጆቹ መኪና ላይ ሳይወጡ አምፕሊፋየሩ ጨሰ። ሰቆጣ በሙሉ ለቅሶውን ሰማ።

«ይህን አሻጥር የሠራው ማነው?» ተብሎ ሲጠየቅ ዓይንህን ጊታርህ ላይ ተከልክ። የኪነት ቡድኑን ሽቦ የምነካው እኔ ነኝና የእኔ ስም ለውትድርና ተጻፈ።

አልቀየምኩህም ልልህ ነበር።
ተወው።

ዛሬ ከቀጣዮቹ ምልምሎች ጋር ትምህርት ቤቱ ግቢ እገባለሁ። ቁልፉን አከራያችን እትዬ ጥሩሐረግ ጋ ትቼዋለሁ። ብርድ ልብሴን ወስጃለሁ፤ ያንተን አልነካሁም።

ቅዳሜ ስንሸኝ አንተ መጫወትህ አይቀርም። የዚያን ቀን ከግማሽም ዝቅ አድርገው። እማየ ዓሲያ ከኒሯቅ ትመጣለች። ድምፅዋ ቀጭን ነው።
ስታለቅስ ልስማት።

ሰላሕ