የነጥብ መዝጋቢያችን የወይዘሮ ካንቲ ዊታናጌ ዕረፍትና ያልታረመው ሰማንያ አራት

ከደቡብ ጠረፍ ሴት ክሪኬት ተጫዋቾች ማኅበር፣ ማታራ

ማኅበራችን ከተመሠረተበት ቀን ጀምሮ በነጥብ መዝጋቢነት ያገለገሉት ወይዘሮ ካንቲ ዊታናጌ ባለፈው ማክሰኞ ጠዋት በስድሳ ስምንት ዓመታቸው ዐርፈዋል። አባላቱ በሞታቸው እጅግ አዝነናል። ሐዘን ብቻ ቢሆን ኖሮ ይህ መግለጫ አጭር ይሆን ነበር።

ወይዘሮ ካንቲ በዴኒያያ ተወልደው እዚያው ለሠላሳ አንድ ዓመታት ሒሳብ አስተምረዋል። ራሳቸው ክሪኬት ተጫውተው አያውቁም።

እ.ኤ.አ. በ2006 የደቡብ ሴቶች የሃያ ዙር ዋንጫ (አንዱ ዙር ስድስት ውርወራ ነው) በሦስት ቡድኖች ሲጀመር የመጀመሪያውን የውጤት መዝገብ የከፈቱት እርሳቸው ናቸው።

በ2011 የዴኒያያ ቡድን ከሻይ ለቃሚ ቤተሰቦች ልጆች ሲቋቋም፣ ሜዳ የሚሄዱበትን ፈቃድ ከየወላጁ ቤት እየዞሩ ለምነዋል።

በ2014 ለሠላሳ አራት ልጃገረዶች የመዝጋቢነት ሥልጠና ሰጥተዋል። ከእነርሱ ዘጠኙ ዛሬም በዚህ ሥራ ላይ ናቸው።

በ2018 የሆነው ረዘም ያለ አንቀጽ ይፈልጋል። ዴኒያያና ዌሊጋማ በግማሽ ፍጻሜ ተገናኝተው ዌሊጋማ ተራውን ጨርሶ ዴኒያያ በመምታት ላይ ሳለ ሰማዩ ጠቆረ። በዝናብ ለሚቋረጥ ጨዋታ ሠንጠረዥ አለ። ሠንጠረዡ ለየዙሩ መጨረሻ የሚሰጠው ቁጥር ኋላ የሚመታውን ቡድን ከፊተኛው ጋር እኩል የሚያደርግ ነው፤ ለማሸነፍ አንድ ነጥብ መጨመር ግድ ነው። ይህን የማያውቅ መዝጋቢ የለም። የማያውቁ ኃላፊዎች ግን አሉ። ወይዘሮ ካንቲ ለአሥራ አራተኛው ዙር መጨረሻ «84 እኩል፣ 85 ያሸንፋል» ብለው በቁራጭ ወረቀት ጻፉና ለጨዋታው ኮሚሽነር ላኩ። ኮሚሽነሩ ድምፅ ማጉያውን ይዘው «ዴኒያያዎች፣ ሰማንያ አራት ይበቃችኋል!» አሉ። ቡድኑ ሰማንያ አራት ሲደርስ ከዙሩ አንድ ውርወራ ቀርቶ ነበር። መቺዋ ኳሱን መክታ እግሯ ሥር አስቀረችው። ሮጣ አንዷን ነጥብ መጨመር ትችል ነበር፤ አልሮጠችም። ዝናቡ ወረደ። ጨዋታው እኩል ተባለ፣ በምድብ ጨዋታዎች ነጥብ ይበልጥ የነበረው ዌሊጋማም ለፍጻሜ አለፈ።

ያቺ መቺ ይህን መግለጫ የምትፈርመው የማኅበሩ ጸሐፊ ናት። እስከ ዛሬ በዌሊጋማ የዓሣ ገበያ ስታልፍ «አንቺ ልጅ፣ ዛሬስ ትሮጫለሽ ወይስ እዚያው ትቆሚያለሽ?» ትባላለች። ይህን ትችለዋለች። የማይቻለው ቀጥሎ የመጣው ነው።

የውድድሩ አዘጋጅ ኮሚቴ ሦስት አጣሪዎች ሰየመ። አጣሪዎቹ አንድ ከሰዓት በኋላ ብቻ ተቀምጠው «የመዝጋቢዋ የቁጥር ስሕተት» ሲሉ ወሰኑ፤ ወይዘሮ ካንቲን ከመዝጋቢዎች ክፍል አገዱ። ኮሚሽነሩ ቁራጩ ወረቀት ጠፋኝ አሉ። ወይዘሮ ካንቲ ግን ያለ ካርቦን ጽፈው አያውቁም፤ ቅጂው መዝገባቸው ውስጥ ነበር። ክፈቱት ያለ አጣሪ አልተገኘም።

ደግሞም በዚህ ጨዋታ መዝጋቢ ብቻውን አይጽፍም። የሁለቱ ቡድኖች መዝጋቢዎች ጎን ለጎን ተቀምጠው እያንዳንዱን ውርወራ ጮክ ብለው ይጠራራሉ፤ ዙር ባለቀ ቁጥር አስተያይተው ይፈራረማሉ። ስለዚህ የዌሊጋማዋ መዝጋቢ ወይዘሮ ፋዚላ ማርዙክ የራሳቸውን መዝገብ ታቅፈው ኮሚቴው ቢሮ ሄዱ። «የእኔም ሰማንያ አራት እኩል ነው የሚለው። ያለፈው የእኛ ቡድን ነው፤ ምን አገኝ ብዬ ልዋሽ?» አሉ። ሰብሳቢው «እማማ፣ ነገሩ ተዘግቷል፤ ይልቅ ሻይዎን ይጠጡ» ሲሉ መለሱ። ወይዘሮ ፋዚላ ሻዩን አልጠጡም።

ማኅበራችን ዐሥራ አንድ ደብዳቤ ጽፏል። ለሁለቱ «በመታየት ላይ ነው»፣ ለአንዱ በአገራችን በሚያዝያ የሚከበረው የአዲስ ዓመት የመልካም ምኞት ካርድ መልስ ሆኖ መጥቷል። ለቀሩት ስምንቱ ምንም።

ወይዘሮ ካንቲ በእነዚህ አምስት ዓመታት ከሜዳው አጥር ውጭ፣ ዛፍ ሥር የፕላስቲክ ወንበር አስቀምጠው የዴኒያያን ጨዋታዎች አንድ ሳይቀር መዝግበዋል። ተጫዋቾች «እትዬ፣ ማን ሊያየው ይደክማሉ?» ሲሏቸው «ኳሱ ተወርውሯል አይደል? የተወረወረ ይጻፋል» ይሉ ነበር። የጠየቁት ስማቸው እንዲታረም ብቻ ነው። ሳይታረም ሞቱ።

በቀብራቸው ዕለት፣ በመንገዳቸው ግራና ቀኝ የሐዘን ምልክት የሆነው ነጩ ባንዲራ ተሰቅሎ ሳለ፣ የኮሚቴው ደብዳቤ ደረሰን። በቅዳሜው የፍጻሜ ጨዋታ «ሰው እንደመሆናቸው ቢሳሳቱም ለተወደዱት መዝጋቢ» የአንድ ደቂቃ የሕሊና ጸሎት እንደሚደረግ ይገልጻል፤ ፎቶግራፍም እንድንልክ ይጠይቃል።

ፎቶግራፍ አንልክም። የአንድ ደቂቃውንም ዝምታ አንቀበልም። አምስት ዓመት ዝም ተብሏል፤ አንድ ደቂቃ አይጨመርበትም።

የቅዳሜው ፍጻሜ የዴኒያያና የዌሊጋማ ነው። የሁለቱም አምበሎች በሚከተለው ተስማምተው ፈርመዋል። የዌሊጋማዋ አምበል ሩዋንቲ ስትፈርም «መዝገቡን አንብቡት፤ ያኔ እንዴት እንዳለፍን እኛም እንስማው» ብላለች። ወይዘሮ ፋዚላ ሁለቱን መዝገቦች ይዘው፣ ያንኑ ድምፅ ማጉያ ተቀብለው፣ የዚያን ዙር ስድስት ውርወራዎች አንድ በአንድ እስኪያነቡና ኮሚቴው ውሳኔውን በዚያው ስፍራ እስኪሽር ድረስ ሃያ ሁለቱ ተጫዋቾች ወደ ሜዳ አይገቡም።

ለልጃቸው ለዲላኒ፣ ለልጅ ልጆቻቸው፣ ላስተማሯቸው ሁሉ መጽናናትን እንመኛለን። በተለይም ዐሥራ ሁለት ዓመት ክርናቸው እየተነካካ አብረዋቸው ለጻፉት፣ አሁን ብቻቸውን ለሚጠሩት ለወይዘሮ ፋዚላ። በስማቸው የሚሰጠው የሰባተኛው ቀን ምጽዋት በዴኒያያ መኖሪያ ቤታቸው ይደረጋል፤ በሩ ለሁሉም ክፍት ነው፣ መዝገቡም ጠረጴዛው ላይ ይቀመጣል። አጣሪዎቹም ቢሆኑ መጥተው ሊከፍቱት ይችላሉ። ገጹ መቶ ዐሥራ ሰባት ነው፤ የሚለውም ይህን ነው፦

84 እኩል፣ 85 ያሸንፋል።

ስለ ማኅበሩ፣
ቱሺኒ ሊያናራችቺ፣ ጸሐፊ