ካውያው ቀዝቃዛ ነበር

ውድ ወንድሜ፣

«ውድ» ያልኩህ ደብዳቤ ሌላ መጀመሪያ ስለሌለው ነው እንጂ ዛሬ ከአፌ የሚወጣልህ ቃል ሌላ ነው። በስልክ ያልነገርኩህም ሆን ብዬ ነው። በስልክ ገና አፌን ሳልከፍት ስለ ቮልት ታስረዳኛለህ። ወረቀት ግን አታቋርጠውም፤ ቁጭ ብለህ ታነበኛለህ።

የመብራት ቆጣሪውን ያስነቀልክ ቀን ትዝ ይልሃል? ጣሪያው በሶላር ተሸፍኖ፣ ፓምፑ የጉድጓዱን ውሃ ወደ ታንከሩ እየገፋ፣ አንተ ግቢው መሀል ቆመህ «ከዛሬ ጀምሮ ራሳችንን ችለናል! የማንንም ደጅ አንጠናም!» አልክ። አባዬ አጨበጨበ። እኔም አጨበጨብኩ፤ እውነቱን ልንገርህ፣ ኮርቼብህ ነበር። ሰፈሩ ሁሉ ሲጨልም የእኛ ቤት ብቻ ቦግ ይል ነበር። አባዬ የመጣውን እንግዳ ሁሉ እየጎተተ ባትሪዎቹን ያስጎበኛል። «የልጄ ሥራ ነው» ይላል፣ አንዱን በመዳፉ መታ መታ እያደረገ።

ከዚያ ለሥራ ሌላ ከተማ ሄድክ። ስትሄድ ግን ቤቱን ስልክህ ውስጥ ይዘኸው ሄድክ። ስንት እንደምንጠቀም እዚያው ሆነህ ታያለህ፤ ካላማረህ ሶኬቶቹን እዚያው ሆነህ ትዘጋለህ። እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ፣ ያለ ካውያ ሥራ የለኝም። አንተ ግን ጭራሽ ስሜን ትተህ «ካውያ» አልከኝ። «ካውያ፣ ደመና ነው፣ ንቀይ!» የደንበኛ ቀሚስ ግማሹ ተተኩሶ ግማሹ ተጨማዶ ስንቴ እጄ ላይ ቀረ! ታላቅህ ሆኜ ከታናሼ የሶኬት ፈቃድ ስጠይቅ የኖርኩት ቂል ሆኜ አይደለም፤ አባዬ ደስ ስለሚለው ነው።

ስትደውል የመጀመሪያ ቃልህ «ባትሪው እንዴት ነው?» ነው። አንድ ቀን እንኳ «አባዬ እንዴት አደረ?» ብለህ ጀምረህ አታውቅም።

አባዬ ሳንባውን ታሞ ከተኛበት ሆስፒታል ሲወጣ ሐኪሟ የኦክስጅን ማሽን አዘዘችለት። ደውዬ ነገርኩህ። «ስንት ዋት ነው?» አልከኝ። ልብ በል፣ አባትህ መተንፈስ አቃተው ስልህ ነው! «ሐኪሟ እንዳይቋረጥ ብላለች» አልኩህ። «እሺ እሺ፣ አስተካክለዋለሁ» ብለህ ዘጋኸው።

ባለፈው ማክሰኞ ከሰዓት ሰማዩ ጠቁሮ ነበር። ዝናቡ ሳይቀድመኝ ልብስ ላነሳ ጓሮ ወጣሁ። ታንከሩ ጎድሎ ኖሮ ፓምፑ በራሱ ተነስቶ ይጮሃል። ፓምፑና ማሽኑ የሚበሉት ኃይል ሲደመር ስልክህ ላይ ካውያ መሰለህ። ስልኬ ጠራ፤ የድምፅ መልእክትህ ነው። እየሳቅክ «ካውያ፣ ያዝኩሽ! በዚህ ደመና? ዘጋሁት!» ትላለህ። እኔም ሳቄ መጣ። ካውያው መደርደሪያ ላይ ቀዝቅዞ ተቀምጧል፣ ምኑን ነው የያዘኝ አልኩ። ቆየት ብሎ ነው የገባኝ። ታዲያ ምኑን ነው የዘጋው?

ልብሱን መሬት ላይ ጥዬ ሮጥኩ። ማሽኑ ተዘጋሁ ብሎ ሲጮህ ኖሯል፤ ፓምፑ በራሱ መስመር ስለሚሠራ አልጠፋም፣ ጩኸቱ ውጦት አልሰማሁትም። አባዬ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጦ፣ ከንፈሩ ጠቁሮ፣ አንሶላውን በሁለት እጁ ጨምድዶ አየር ይፈልጋል። ሊጠራኝ እንኳ አቅም አልነበረውም። የስፌት መኪናዬን ማራዘሚያ ገመድ መንጭቄ ማሽኑን ባትሪ ክፍል ያለችው፣ ስልክህ የማይደርስባት አንዷ ሶኬት ላይ ሰካሁት።

ነፍሱ መለስ ስትል «ምን ሆኖ ነው የጠፋው?» አለኝ።

«ደመናው ነው» አልኩት። ዋሸሁልህ።

«ለወንድምሽ እንዳትነግሪው፤ ሥራዬ ተበላሸ ብሎ ያዝናል።»

አንጀቴን ያሳረረው ይኼ ነው! እስትንፋሱን የዘጋህበት ሰው ላንተ ይሳሳል። አንተ ደግሞ እስከ ዛሬ ካውያ የዘጋህ ይመስልሃል። ካውያ አይደለም የዘጋኸው፣ አባትህን ነው።

ትናንት ኤሌክትሪሻን ጠርቼ ቤቱን ከስልክህ ጋር የሚያገናኘውን ሳጥን አስነቀልኩት። ቆጣሪውም እንዲመለስ አመልክቻለሁ፤ ደጅም እጠናለሁ፣ ምን ይጠበስ! ፓነሎቹን አልነካሁም። ፀሐይዋ ምን አጠፋች? የቱ እንደሚከፈት፣ የቱ እንደሚዘጋም ተምሬያለሁ። ራስን መቻል ካልክ እኛ ገና ትናንት ነው የቻልነው።

እንግዲህ ስልክህ ላይ ባዶ ሲያሳይህ ቤቱ ጨለመ ብለህ አትደንግጥ። አባዬ የሆነውን አያውቅም፣ ከእኔም አይሰማም። ማወቅ የምትፈልገው ነገር ካለ ደውልና «እንዴት አደርክ?» በለው። መልሱን ታግሰህ ጠብቅ፤ አሁን በአንድ ትንፋሽ ብዙ ቃል አያወጣም። ስለ ባትሪው ከጠየቅከው ግን ስልኩን ጆሮህ ላይ እዘጋዋለሁ። መዝጋት ከአንተ ተምሬያለሁ።

እህትህ ነኝ፤ ስሜን ታውቀዋለህ።