ለሐዋ ያነበብኩላት ፊልም

ማክሰኞ

ሳጥን ብቻ። ፊልሙን ስከፍት ከሥሩ የሚወጣው ጽሑፍ ሁሉ አራት ማዕዘን ሳጥን ሆነብኝ። ያልተማርኩት ፊደል መስሎኝ አፈርኩ፤ ላፕቶፑን ዘጋሁት። አንድ ክፍል አብራኝ የምትኖረው ሉባባ ከሥራ ስትገባ ብነግራት ሳቀችብኝ። «እትዬ፣ አንቺ አይደለሽም ማንበብ ያቃተሽ፣ ኮምፒውተሩ ነው፤ አማርኛ ፊደል የለውም» አለችና ጫነችበት።

ጓደኛዬ ሐዋ ቅዳሜ አገሯ ትገባለች። ኹሩጅዋ፣ የመውጫ ቪዛዋ፣ ወጥቷል። ከእኔ የጠየቀችው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ያን የቱርክ ፊልም አንድ ጊዜ ደግማ ማየት። ከአራት ዓመት በፊት እዚሁ ዓረብ አገር፣ መንፉሐ ሰፈር ስናየው ሁለታችንም ፊደል አንለይም ነበር፤ ሉባባ ናት ያነበበችልን። ሰውየው ሩብ ሰዓት ሲያወራ «ይቅርታ ጠየቃት» ብላ ታልፈው ነበር።

ዕድሜዬን ሙሉ የሰው አፍ ስጠብቅ ኖሬያለሁ። ፊደል የቆጠርኩት በሃምሳ ስድስት ዓመቴ ነው። ኸላስ፣ በቃ፣ ዓርብ የማነበው እኔ ነኝ።

ረቡዕ

ፊልሙ ባለበት ፍላሽ ላይ ለአንዱ ፊልም አራት የጽሑፍ ፋይል አለ። ስማቸው በእንግሊዝኛ ስለሆነ በተራቸው ነው የማውቃቸው።

አንደኛው ዓረብኛ።
ሁለተኛው አማርኛ ነው፣ ግን ሰው የጻፈው አይመስልም። ልጅቷ እናቷን «አንተ» ትላለች።
ሦስተኛው የሌላ ፊልም ነው። ሰዎቹ እራት እየበሉ ጽሑፉ ስለ መርከብ ያወራል።
አራተኛው ጥሩ አማርኛ፣ ግን ይቀድማል። ሰውየው አፉን ሳይከፍት መልሱ ተጽፎ ይጠብቀዋል።

ሉባባ ሁለተኛውን ያዢ፣ እሱ ከንግግሩ እኩል ይሄዳል አለች። ለእሷ ይሆናል። ሐዋን በዚያ አማርኛ አልሸኛትም።

ሐሙስ

ቱርክኛ አላውቅም። ስም ግን ይሰማል። ሰውየው «ኤሊፍ» ብሎ ሚስቱን ሲጠራ በጆሮዬ እሰማለሁ፤ ኤሊፍ የሚለው ጽሑፍ መቼ እንደወጣ በዓይኔ አያለሁ። ጽሑፉን የሚያዘገየውን ቁልፍ ሉባባ አሳየችኝ። ተጫንኩ። ደገምኩ። ስድስተኛው ላይ ጥሪውና ጽሑፉ ገጠሙ። መሐሉን አየሁ፤ ገጥሟል። መጨረሻውም።

ሉባባ ስሙን መጠበቅ ማን አስተማረሽ አለችኝ። ማን ያስተምረኛል። ሱለይማኒያ ሰፈር ሰው ቤት ሥራ ስጀምር ዓረብኛ አልሰማም ነበር፤ ከማዳሟ ወሬ ሁሉ ስሜን ብቻ እየለየሁ ነው የሠራሁት። ያ ክፉ ዘመን ዛሬ ጠቀመኝ።

ዓርብ

ከጁምዓ ሶላት በኋላ ጀመርን። ሳልጨርስ ጽሑፉ ሲያልፍብኝ ፊልሙን አቆማለሁ። ሐዋ «አትቸኩይ እህቴ፣ አውሮፕላኑ ነገ ነው» አለችኝ። ሉባባ ላሳርፍሽ ብትል እምቢ አልኩ።

የሰውየው ረጅም ንግግር ደረሰ። አንድም ቃል አልዘለልኩም። ለካ ሚስቱን አልተዋትም፤ ከእስር ቤት በየሳምንቱ ሲጽፍላት እናቱ ናት ደብዳቤውን ያቃጠለችው።

ሐዋ አቁሚው አለች። ወደ ሉባባ ዞረች። «አንቺ፣ ይህን ሰው አራት ዓመት በከንቱ ነዋ ያስረገምሽኝ!»

«ሥራ ውዬ ገብቼ ስንቱን ልለፍልፍላችሁ?» አለች ሉባባ።

ሳቅን። ሐዋም ሳቀች፣ ግን ዓይኗን ጠረገች። ድገሚልኝ አለችኝ። ደገምኩላት።

ቅዳሜ

ሐዋን ሸኘኋት። መኪና ውስጥ ገብታ ለሾፌሩ «ይቺ አንባቢዬ ናት» ስትለው ሰማሁ። እስከ ዛሬ እንዲህ ብሎ የጠራኝ ሰው የለም።

ቤት ገባሁ። ጸጥ ብሏል። ፊልሙን ከፈትኩ፣ አራተኛውን ፋይል መረጥኩ፣ ቁልፉን ስድስት ጊዜ ተጫንኩ። የማነብለት ሰው ስለሌለ ድምፄን አላወጣሁም። ትንሽ ቆይቼ ልብ ስል ከንፈሬም አይንቀሳቀስም። እንዲህ ማንበብ እንደምችል አላውቅም ነበር።

አንድ መስመር አመለጠኝ። ፊልሙን ወደ ኋላ መለስኩት።